የሐጂ ሰይድ አፍንጫ

እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረ ጊዜ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ተካን ነው። ተካ ምን አለሽ ተራ ውስጥ ከእኔ ሱቅ በስተግራ ተቀምጦ እንደ እኔው ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ የሚሠራ ሰው ነው። ደንበኛ ይሻማኛል፤ እኔም እሻማዋለሁ። ጠዋት ላሜራ ልቆርጥ መቀሱን ሳነሳ ጣቶቼ አልታዘዝ ሲሉኝ፣ ተካ አስደግሞብኛል አልኩ። አንድ እሁድ ማንም ሳይኖር መጥቼ፣ የተቀበረ ነገር እንዳለ ብዬ የሱቄን ደፍ ሥር ቆፈርኩ። ያገኘሁት አንድ የዛገ የበር ማጠፊያ ነው። በማግስቱ ማጠፊያውን ለተካ አሳየሁትና ፊቱን አየሁ። ምንም አልመሰለውም። ምንም አለመምሰሉ ደግሞ የባሰ አስጠረጠረኝ።

እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት መርካቶ ውስጥ ሃያ ዓመት ኖሬበታለሁ። ሚዛን እጠረጥራለሁ፣ ደላላ እጠረጥራለሁ፣ ሳይከራከር የሚገዛኝን ደንበኛ ከሁሉ በላይ እጠረጥራለሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት ያልጠረጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። እሱም ጠዋት ሥራ ከመጀመሬ በፊት የምጠጣት አረቄ ናት።

አንድ መለኪያ ነበረች። እጅ ማፍታቻ እላታለሁ። በእርግጥም ታፍታታኝ ነበር፤ መንቀጥቀጡ የሚቆመው እሷን ስጠጣ ነው። ያቆመችልኝን እንዴት ብዬ ልጠርጥራት? ከዚያ ምሳ ላይ ሁለት፣ ከሥራ ስወጣ ደግሞ ቆጥሬው የማላውቀው። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ወሰደኝ።

መንቀጥቀጡ ላይ ላብ ተጨመረበት፤ ማቅለሽለሽም መጣ፤ ምግብ አስጠላኝ። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ መርፌ ወጋኝ። ሁለተኛው ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ አለኝ። ሦስተኛው ጨጓራህ ነው፣ በርበሬ ተው አለኝ፤ በርበሬ ተውኩ። ለምርመራና ለመድኃኒት ያወጣሁት ገንዘብ የልጄን የማርታን የትምህርት ቤት ክፍያ አስተጓጎለ። ወረፋ ስጠብቅ አግዳሚው ወንበር ላይ ጎኔ የተቀመጠ ሰው ትንሽ ፈቀቅ ካለ፣ ሸትቼው ነው ብዬ ሌላ ማስቲካ አፌ ውስጥ እጨምራለሁ። አንዴ አንዲት እናት ልጇን ከእኔ ወዲያ አዙራ ስታስቀምጥ አይቼ ተነስቼ ወጣሁ። በኋላ ሳስበው ልጁን ከመስኮቱ ብርድ ልትከልለው ኖሯል።

ሐኪሞቹን ልወቅሳቸው አልፈልግም። ሦስቱም መጠጥ ትወስዳለህ ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ሦስቱንም «በበዓል ቀን» ብያቸዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ በዓል እንደማከብር አልነገርኳቸውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ ግን መደበቄን እንደ ብልጠት ነበር የምቆጥረው። ገንዘቤን ሊበሉ የሚዋሹኝ እነሱ ናቸው እያልኩ እብሰለሰል ነበር።

ባለቤቴ ወይንሸት አውቶቡስ ተራ አጠገብ ልብስ ትሰፋለች። ብዙ የማትናገር ሴት ናት። አንድ ቀን ማርታ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደጃፉ ላይ ወድቄ አገኘችኝ። ወይንሸት አንስታኝ፣ አጥባኝ፣ ሲነጋ አንድ ነገር ብቻ አለች፤ ልጄ አንተን እየተራመደች ቤት መግባት የለባትም አለች። ያን ቀን ማልኩ። ለማንም ሳልናገር፣ ማንንም ሳላማክር፣ በአንድ ጊዜ ቀጥ አድርጌ ተውኩት።

በሦስተኛው ቀን መዶሻ እንደያዝኩ ሱቄ በር ላይ ወደቅኩ። የሆነውን የማውቀው ከሰው አፍ ነው። ተንፈራገጥኩ፣ አረፋ ደፈቅኩ አሉ። ሰዉ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ክብሪት እየጫረ አፍንጫዬ ሥር ማጨስ ጀመረ። ክብሪቱን ከእጃቸው ነጥቀው፣ ራሴን ጭናቸው ላይ አስደግፈው፣ ታክሲ ያስቆሙት ከሱቄ በስተቀኝ ያሉት ሐጂ ሰይድ ናቸው። ሐጂ በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው አርባ ዓመት ያህል ከቆርቆሮ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ የሠሩ አዛውንት ናቸው። ቆርቆሮውን የሚያጣብቁት በአሲድና በእርሳስ ነው፤ ጭሱ እኔ ድረስ መጥቶ ዓይኔን ያስለቅሰኛል። ስለዚህ ነገር ለብዙ ዓመት ሲያጉረመርም የኖረው እኔ ነኝ። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ግን ልብሳቸውን አበላሸሁባቸው፣ አላጉረመረሙም።

ሆስፒታል ውስጥ ያየችኝ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ትጠጣለህ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። ወረቀቷ ላይ እየጻፈች ቀና ሳትል፣ «ጠዋት የመጀመሪያዋን ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትጠጣት?» አለችኝ።

«አሥራ ሁለት ተኩል» አልኩ። አመለጠኝ።

ያኔ ቀና ብላ አየችኝና በቀስታ አስረዳችኝ። ለዓመታት መጠጥ የለመደ አካል በአንድ ጊዜ ሲከለከል አንጎሉ ይናወጣል፤ ሰው በዚህ ሊሞት ይችላል። እያወቀ የሚያቆም ሰው በሐኪም ተደግፎ፣ መድኃኒት እየወሰደ ነው የሚያቆመው። ይህን የምታነብ ሰው ሆይ፣ ጠጥተህ እንደ እኔ እጅህ የሚረጋ ከሆነ፣ ብቻህን ቤትህ ተቀምጠህ ለማቆም አትማል። መሐላ ጥሩ ናት፣ ሐኪም ግን ይቅደማት።

አሥራ ሁለት ቀን ተኛሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሌለ ነገር ይታየኝ ነበር። ከፊቴ አልጋ ላይ የተኛው በሽተኛ ተካ የላከብኝ ሰላይ ነው ብዬ ሐኪሟን በጆሮዋ አስጠንቅቄያታለሁ። እሷም እንከታተለዋለን አለችኝ። ስድብ ያልጨመረችበት ይህች መልስ እስከ ዛሬ ትገርመኛለች። ስወጣ ግን ሁለት ነገር ነገረችኝ። አንደኛው፣ ተመልሼ ጠጥቼ እንደገና ብወድቅ እንዳሁኑ ላልነሳ እችላለሁ። ሁለተኛው፣ በየቀኑ የማልዋሸው አንድ ሰው እንድመርጥ።

ወይንሸትን መምረጥ አልቻልኩም። እሷን ለመዋሸት የብዙ ዓመት ልምድ አለኝ። ሐጂ ሰይድን አሰብኳቸው። ዕድሜ ልካቸውን ጠብታ ቀምሰው አያውቁም፤ ያልጠጣ ሰው አፍንጫ ደግሞ አይታለልም ብዬ አመንኩ። ሄጄ፣ ጠዋት ጠዋት ሰላም ስልዎ አፌን ያሽትቱልኝ፣ ከሸተትኩ ለወይንሸት ይንገሩ አልኳቸው። ኩራዙን አስቀመጡ።

«አብሽር» አሉኝ። «ጠዋት ጠዋት ና ብቻ።»

ሄድኩ። ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት ጊዜ እንሳሳማለን። በሦስተኛው ላይ ቆየት ይላሉ። ከዚያ «ማሻአላህ» ይላሉ፤ እኔም ፈተና እንዳለፈ ተማሪ መቀሴን አነሳለሁ። ተራው ሁሉ ሐጂና ግርማ ምን ያህል ይዋደዳሉ ይል ነበር፤ ለሌላ ነገር መሆኑን ማንም አያውቅም። አሥር ወር እንዲህ ሆነ። ወይንሸት አምኜሃለሁ አላለችኝም። ያለችኝ፣ ሁለተኛ ከጠጣህ ማርታን ይዤ እናቴ ቤት ነው የምገባው፣ ሦስተኛ ጊዜ አልጠብቅም ነው። ወይንሸት ያለችውን ታደርጋለች።

ከዚያ ኮሮና ገባ።

ሌላው ሰው ሞትን ፈርቶ ይሆናል። እኔ በድምፅ ማጉያ እየዞሩ አትጨባበጡ፣ አትሳሳሙ ሲሉ መጀመሪያ የመጣብኝ፣ ታዲያ ማን ያሸተኛል የሚለው ነው። ሐጂ ስኳርም አስምም ስላለባቸው ልጆቻቸው ከቤት አይወጡም ብለው አስቀመጧቸው። የቀረው ሰው አፍና አፍንጫውን ሸፈነ። እኔም ሸፈንኩ። በማስኩ ውስጥ የራሴን ትንፋሽ መልሼ ስተነፍስ፣ ከእንግዲህ ይህን ሽታ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም አልኩ። ይህ ሐሳብ ያስፈራኝ ያህል ደስ ማሰኘቱን ብክድ ውሸት ይሆናል።

ሥራ ነበር። ምድጃው ቀርቶ ከበርሜል በእግር የሚረገጥ የእጅ መታጠቢያ እንሠራ ጀመር፤ በየሱቁና በየባንኩ በር የሚቆመውን። ሳኒታይዘር ግን ከየመደብሩ ጠፋ። አንድ ጠዋት ተካ በቢጫ ጀሪካን አረቄ ይዞ መጣ። ጠንካራ ነው፣ ቫይረሱን ይገድለዋል ብሎ በእኔና በእሱ ሱቅ መካከል ከድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ተራው ሁሉ እየመጣ መዳፉን ይታጠብበታል። ሳምንት ሳይሞላ መጉመጥመጥ ተጀመረ፤ ጉሮሮ ላይ ሳለ ነው መግደል ተባለ። ከመጉመጥመጥ ወደ መዋጥ ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም። አረቄ የሚሸት ሰው ጥንቁቅ፣ የማይሸት ሰው ዝርክርክ የሚባልበት ዘመን መጣ።

ተካ ሆን ብሎ ነው አልኩ። ከዚያ ሁሉ ቦታ ለምን የእኔ ደጃፍ? ከምን እንደታመምኩ ሰምቷል፣ ሊጥለኝ ነው። ቀን ሙሉ መዶሻዬን እየመታሁ ጀሪካኑን በጎን እያየሁ እውላለሁ። እጄን በውሃና በሳሙና ብቻ ብታጠብ እንኳ፣ ደንበኛ አረቄ ባጠበው እጁ ገንዘብ ይሰጠኛል፣ ልብሴን ይነካል። ቤት ስገባ እሸታለሁ።

አንድ ምሽት ወይንሸት ልታጥበው የወሰደችውን ማስኬን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ስታሸት አየኋት። ውስጡን ገልብጣ ነበር የምታሸተው። ደሜ ፈላ። አልጠጣሁም አልኳት። እጅህም ልብስህም ይሸታል፣ ምን ልበል አለችኝ። ሐጂን ጠይቂያቸው ልል አፌን ከፈትኩና ትዝ አለኝ፤ ሐጂ የሉም። አሥር ወር ሙሉ ንጹሕ ሆኜ፣ ንጹሕነቴን የሚመሰክርልኝ አንድ አፍንጫ አጣሁ። ወይንሸት ያን ቀን ከማርታ ጋር ተኛች።

ሰውን የሚጥለው ይህ ነው፤ ለዚህ ነው በዝርዝር የምጽፈው። የጣለኝ ናፍቆት አይደለም፣ ኮሮናም አይደለም። ካልጠጣሁም ጠጣህ ከተባልኩ፣ ለምን በነፃ እወቀሳለሁ የሚለው ቂም ነው። በማግስቱ ጠዋት እንደ ማንኛውም ሰው በጀሪካኑ ክዳን ቀድቼ ተጉመጠመጥኩ። አልተፋሁትም። ማስኬን ወደ ላይ ሳብኩና ሥራዬን ቀጠልኩ። ማንም አላየኝም፤ ተካም ቢያየኝ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረግኩት። በሁለተኛው ቀን ሁለት ክዳን ሆነ። በሦስተኛው ቀን አልቆጠርኩም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ቤቴ ጫማዬን ላስር ስል ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ከአልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እጄን በእጄ ያዝኩት፤ እያየሁት ፈራሁ።

ያን ቀን ጠዋት ሐጂ ሰይድ ሱቃቸውን ከፈቱ።

ከሩቅ አየኋቸው፣ ከስተዋል። ለምን ዛሬ? ወይንሸት ልካቸዋለች አልኩ። ወደ እሳቸው ሳልሄድ በሌላ በኩል ዞሬ ሱቄ ገባሁ። «ግርማ» ብለው ተጣሩ። ከበሬ ሳልወጣ፣ ሐጂ ርቀት እንጠብቅ፣ ስኳር አለብዎት አልኳቸው። ልክ ነህ አሉና ቆመው አዩኝ። ማሻአላህ አላሉም። ተመልሰው ሥራቸውን ያዙ። ያቺ ያልተባለች ቃል እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ላሜራ አላስቆርጠኝ አለች። በመጨረሻ ከሱቃቸው በር ሁለት እርምጃ ርቄ ቆምኩ።

«ወይንሸት ናት የላከችዎ?»

«ማንም አልላከኝም። ቤት መቀመጥ ሰለቸኝ።»

«ታዲያ ሸተትኩዎ?»

እርሳሱን የሚያቀልጡበትን ብረት አስቀመጡ። ማስካቸውን ዝቅ አድርገው አፍንጫቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«ይኼ ከሞተ ስንት ዓመቱ። አሲዱ በልቶታል። ወላሂ፣ እንኳን አረቄ የሞተ አይጥ አይሸተኝም።»

የሰማሁት አልገባኝም። ሲገባኝ ደግሞ ተናደድኩ። በዓለም ላይ አንድ ያልጠረጠርኩት ሰው እሳቸው ናቸው።

«አሥር ወር ሙሉ ታዲያ ምን ሲያሸቱ ነበር?»

«ምንም። ና አልኩህ፣ ትመጣ ነበር። የጠጣ ሰው ጉንጩን ይዞ አይመጣም፣ ልጄ። ዛሬ አልመጣህም።»

ተካ መዶሻውን አቁሞ ይሰማ ነበር። ይስማ አልኩ። ማስኬን አወረድኩና፣ ጠጥቻለሁ ሐጂ፣ ሦስት ቀኔ ነው፣ ዛሬ እጄ ጀምሮኛል አልኩ። ሃያ ዓመት በምታወቅበት ተራ መካከል አለቀስኩ። ሐጂ ሊያቅፉኝ ብድግ አሉና መሃል መንገድ ላይ ትዝ ብሏቸው ቆሙ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ለሐኪሟ አሁን ደውል፣ ለወይንሸትም ዛሬውኑ ራስህ ንገራት አሉኝ።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ፈጥነህ መምጣትህ ነው ዋናው፣ ብቻህን ግን እንዳታቆም አለችኝ፤ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አይታኝ መድኃኒት ሰጠችኝ፣ በየሁለት ቀኑም ቀጠረችኝ። ከዚያ የሚከብደው ቀረ። ወይንሸት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ ትሰፋ ነበር። ነገርኳት። ስፌቱን ሳታቋርጥ እስከ ጫፉ ወሰደችው፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ሐጂ አሸተቱህ?» አለችኝ።

«አይሸታቸውም። እኔ ነኝ የምነግርሽ።»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። እኔ እንደማየው ዓይነት አየች፣ ውሸቱ የቱ ጋ እንደተቀበረ የሚፈልግ አስተያየት። ከዚያ ሌላ ጨርቅ አነሳች። «ለዛሬ የትም አልሄድም» አለች። እስከ አሁን አልሄደችም። ያቺን «ለዛሬ» የምትለዋን ቃልም አላነሳችልኝም፤ እኔም እንድታነሳልኝ ጠይቄያት አላውቅም።

ተካ በማግስቱ ጀሪካኑን ከደጃፌ አንስቶ በወዲያኛው ጎኑ አስቀመጠው። መጀመሪያ ደጃፌ ላይ ያስቀመጠው እዚያ ድንጋይ ስለነበረ ብቻ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ዓመታት አለፉ። ማስኩ ቀረ፣ መሳሳሙም ተመለሰ። ሐጂ ሰይድ ጉልበታቸው ስለደከመ ሱቃቸውን ለልጃቸው ሰጥተው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ቤታቸው ናቸው። ጠዋት ከታክሲ ወርጄ በበራቸው አልፋለሁ። ጉንጬን ይዤ እገባለሁ፣ ማሻአላህ ይሉኛል፣ እወጣለሁ። አንዳንዴ ምንም ሳንነጋገር ነው።

አንድ ጠዋት ደግሞ ሱቄ ስደርስ ተካ የራሱ ሱቅ ደፍ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ አፈሩ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። እጁ ይንቀጠቀጣል። ቀና ብሎ፣ «እውነቱን ንገረኝ፣ ምን ቀብረህብኛል?» አለኝ። ኮሮና አልቆ ጀሪካኑ አላለቀለትም ኖሯል። ልስቅ ብዬ አልሳቅኩም። አጠገቡ ተቀመጥኩና፣ ጠዋት የመጀመሪያዋን ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትጠጣት ብዬ ጠየቅኩት። በዚያው ሳምንት ወደ ሐኪሟ ወሰድኩት።

አሁን በየጠዋቱ ይመጣል። ሦስት ጊዜ እንሳሳማለን፣ በሦስተኛው ላይ ቆየት እላለሁ፤ እሱ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቀኛል። ጥርጣሬህ እንደማይስት አፍንጫህም አይስትም ይለኛል። ያልነገርኩት ነገር አለ። ለዚያ ለአሲድ ጭስ ሃያ ዓመት ጎረቤት ሆኜ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ወይንሸት ወጥ ሲያርርባት እንኳ የሚነግረኝ አፍንጫዬ ሳይሆን ዓይኔ ነው። ተካ፣ ይህን ካነበብክ ትናደድብኝ ይሆናል። ተናደድ። ነገ ጠዋት ግን ና ብቻ።